የዓሣ ጤና በመስተዋት ገንዳ ውስጥ፤ ተክል ያለበት ይሻላል ወይስ ባዶው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባላት ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው በቤተ ሙከራችን መስኮት ሥር ስለ ተቀመጡት ሁለት የመስተዋት ገንዳዎች ነው። ከሐዋሳ የመጡ 12 የቆሮሶ ጫጩቶችን ለሁለት ከፍለን አስገባንባቸው። በአንደኛው አሸዋ አንጥፈን የውኃ ተክል ተከልን፤ የሁለተኛውን ወለል ግን ባዶ ተውነው። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ይኸውም ዓሣ በጤና የሚኖረው በየትኛው ነው? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ያመሰገንነው ባዶውን ነበር። እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያበራል። ተክል ያለበት ግን ደፈረሰ፤ ቆሮሶ ቅጠል የሚበላና አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ በመሆኑ ተክሉን እየነቀለ አስቸገረን። ሥሩን በድንጋይ ከብበን አዳንነው። ከሁለት ወር በኋላ የወላጆች ቀን ሲቃረብ፣ ለእንግዳ ቤት እንደሚጠረግ ሁሉ፣ ባዶውን ገንዳ ፈትገን አጠብን፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጥበን አዲስ ውኃ ሞላንበት። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹን ከውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲሹ አገኘናቸው። ከ6ቱ 4ቱ ሞቱ። እጅግ አዘንን፤ የገደልናቸው በስንፍና ሳይሆን በትጋት ነበርና።

ምክንያቱን ከመምህራችን ጋር መረመርን። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ግን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች በ1890 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳየ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሊቅ ነው። መኖሪያቸው በአሸዋው፣ በመስተዋቱና በስፖንጁ ላይ ነው፤ በአዲስ ገንዳ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኛ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈትገን ጣልናቸው። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል።

እናቶቻችን የዚህን ነገር ምሥጢር ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። በሐድያና በከምባታ ጓሮ የከብቱ ፍግ ወደ እንሰቱ ይወሰዳል፤ እንሰቱ በፍጉ ይለመልማል፤ ቅጠሉም ተመልሶ ለከብቱ መኖ ይሆናል። ተክል ያለበት ገንዳም እንዲሁ ነው፤ ተክሉ አሞኒያውንና ናይትሬቱን እየሳበ ያድግበታል። ባዶው ገንዳ ግን እንሰት የሌለበት በረት ነው፤ በየቀኑ የሚጠርገው እጅ ካላገኘ ከብቱ ይታመማል።

ይሁን እንጂ ተክል ያለበትም ቢሆን ያለ ድካም አይኖርም። ተክል በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ በጨለማ ግን እርሱም ይወስዳል። ስለዚህ ተክልና ዓሣ በበዙበት ገንዳ ንጋት ላይ ዓሣው አየር ያጥረዋል። በአሸዋው ውስጥ የተደበቀ የምግብ ትራፊም ሳይታይ ይበሰብሳል።

የዚህ ክርክር ባለቤቶች እኛ ብቻ አይደለንም። በአማዞን ወንዝ ዲስከስ የሚባል እንደ ሳሕን ክብና ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። በ1840 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው ሊቅ ሄከል በሳይንስ ስም የመዘገበው ይህ ዓሣ ከቆሮሷችን ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወላጆቻቸው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ልጋግ ይመገባሉ። እያደጉ ሲሄዱ ብዙ ስለሚበሉ አርቢዎች በባዶ ገንዳ ያሳድጓቸዋል፤ ትራፊውን አይተው በየቀኑ በቱቦ ይስባሉ፤ ውኃውንም ይለውጣሉ። ያደጉትን ግን በተክል መካከል የሚያኖሩ ብዙ ናቸው። ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልግ ያንን ሙቀት የሚችል ተክል መምረጥ ግድ ይሆናል።

ከተማችን ሆሳዕና ግን 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም አገር ናት። ቆሮሶ ደኅና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ነው፤ ከ16 ዲግሪ በታች ምግብ ይተዋል። ባክቴሪያዎቹም በብርድ ሥራቸው ይዘገያል። ስለዚህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ በጓሮው ኩሬ ሊቆፍር የሚያስብ ወላጅ፣ የአፈር ወለል ይሁን ላስቲክ የተነጠፈበት ከማለቱ በፊት፣ ውኃው ስንት ዲግሪ እንደ ሆነና ማን በየቀኑ እንደሚጠብቀው ይጠይቅ።

መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ባዶውን ይያዝ፤ ትዕግሥት ያለውና ጥቂት ዓሣ የሚበቃው ተክል ያለበትን ይያዝ። በሁለቱም ግን የቧንቧው ውኃ በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር፤ ከገንዳው ሩቡ እንጂ ሁሉም አይለወጥ፤ ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ፤ ምግቡም በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሰጥ።

እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን፤ የተረፉት 8 ዓሦች ግን ይቀራሉ። የሞቱበትን ቀንና ምክንያቱን የጻፍንበትን ደብተር ከገንዳዎቹ አጠገብ ትተንላችኋል። እናንተ ታናናሾቻችን፣ የሚያበራ መስተዋት አያታልላችሁ፤ ዓሣው የሚኖረው በውኃው ውስጥ እንጂ በመስተዋቱ አይደለምና።