ስለ መጀመሪያ መንገድ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ይህች ደብራችን የተተከለችበት 50ኛ ዓመት ስለ ደረሰ ዛሬ ሁላችንም በደስታ ተሰብስበናል። ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሕግ፤ በዘሌዋውያን መጽሐፍ በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፤ በሃምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ተነፍቶ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነው። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ምሥጢሩ መመለስ ከሆነ፤ ልጆቻችን በዚህ በዓል ምክንያት የአባቶቻቸውን አገር ለማየት መነሣታቸው የተገባ ነው።

ነገር ግን ባለፈው ሰንበት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ሰማሁ። አብዛኞቹ በዚሁ በአዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ከከተማው ርቀው አልሄዱም፤ በየወሩ ያጠራቀሙትም ገንዘብ ለአንድ መንገድ እንጂ ለአራት አይበቃም። አንዱ አክሱም ይላል፤ አንዱ ላሊበላ ይላል፤ አንዲቱ ጎንደር፤ ሌላዪቱም የጣና ገዳማት ትላለች። በመጨረሻም ወደ እኔ መጥተው «የኔታ፤ እርስዎ ይፍረዱን፤ መጀመሪያ ወደ የትኛው አገር እንሂድ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የቆየ ኀዘኔን ስለ ቀሰቀሰው ያን ጊዜ ሳልመልስላቸው ቀረሁ፤ ዛሬ ግን እመልሳለሁ።

በቅድሚያ የአራቱንም ክብር ልናገር። አክሱም የጽዮን መንበር፤ የሐውልቶችም አገር ናት፤ ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም በዓል ሲከበር ያያት ሰው አይረሳትም። በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የዓለምን ሕዝብ ያስደነቁ ናቸው፤ ይልቁንም በልደት ሌሊት። ጎንደርን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆርቁረውት፤ ግንቡ እስከ ዛሬ ቆሞአል፤ የጥምቀቱም በዓል እጅግ ያማረ ነው። በጣና ባሕር ደሴቶች ላይም የነገሥታት ዐፅምና ብዙ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ይኖራሉ። ስለዚህ ከነዚህ አንዱን ስንኳ ማቃለል አይገባም።

ከእናንተ መካከል «አራቱንም በዐሥር ቀን እናዳርሳቸው» ያለም ነበረ። ልጄ፤ ከዚህ እስከ አክሱም ብቻ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዐሥሩን ቀን በመኪና ተቀምጣችሁ ታሳልፉታላችሁ፤ በየስፍራውም አንድ ሰዓት ቆማችሁ፤ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፤ በሩጫ የታየ ነገር በሩጫ ይረሳል። ስለዚህ አንድ አገር ምረጡ፤ በእርሱም ሰንብቱ።

የቱን እንምረጥ ብትሉኝ፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እኔ ቅኔ የተማርሁት በጎጃም ነው። መምህሬ ሲያሰናብቱኝ «ልጄ፤ ከመወድሱ ገና ያልነገርሁህ ምሥጢር አለ፤ ስትመለስ እነግርሃለሁ» አሉኝ። አዲስ አበባ ገብቼ፤ ሥራ ይዤ፤ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ፈቃድና ስንቅ አገኘሁ። ያን ጊዜ ለእኔም እንደ እናንተ ምርጫ ቀረበልኝ። «ጎጃምን አውቀዋለሁ፤ መምህሬም የትም አይሄዱም» ብዬ ያላየሁትን ላሊበላንና አክሱምን ለማየት ሄድሁ። አየሁም፤ ተደሰትሁም። በሁለተኛው ዓመት ዓባይን ተሻግሬ ከመምህሬ ደጅ ብደርስ የጎጆአቸው ክዳን ወርዶ፤ በግቢው ሣር በቅሎበት አገኘሁት። ከቀድሞው ጉባኤ የቀረ አንድ አስነጋሪ ብቻ ነበረ፤ እርሱም «ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ዐረፉ፤ አንተንም ይጠይቁ ነበር» አለኝ። ያ ምሥጢር በብራና አልተጻፈም ነበርና ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን በዚያ ዓመት ባልሄድ ኖሮ፤ በሚመጣው ዓመት በቦታው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ የሚያልፈውን እዩ፤ የሚቆየው ይቆያችኋል። ድንጋይ ይጠብቃል፤ ሰው ግን አይጠብቅም።

ለዚህም ሁለት ምስክር አቀርባለሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆሞ ኖረ፤ ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም.ም በቀድሞ ስፍራው ተተከለ። በዚያው በወረራው ዘመን፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፤ በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ በመቶ የሚቈጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ለገዳሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ተሠራ፤ በእነዚያ አባቶች ልብ የነበረውን ትምህርት ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። የተወሰደው ድንጋይ ተመለሰ፤ የተገደለው ሊቅ አልተመለሰም።

«ድንጋዩስ ቢሆን ይሰነጠቅ የለምን? በላሊበላ ከዝናብ ለመከለል የብረት ጣራ የተሠራው ስለዚህ አይደለምን?» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን ላሊበላ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአልና ብዙ ዐይን ይጠብቀዋል። በሣር ጎጆ ተቀምጦ የሚያስተምረውን ሽማግሌ መምህር ግን ከተማሪዎቹ በቀር የሚያስበው ጥቂት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ሂዱ እላለሁ። የጣናን ገዳማት የመረጠችው ልጅ ለፍርዴ ቀርባለች፤ ጣና አንዱ ወገኑ ጎጃም ነውና። ነገር ግን ከደሴቶቹ በፊት ጉባኤ ቤቶቹን አስቀድሙ። የቅኔው ወገን የዋድላ፤ የዋሸራ፤ የጎንጅ እየተባለ ሲለይ ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም በትምህርት የታወቁ ደብሮች ናቸው። በዚያም ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ እንዴት እንደሚወጣ ታያላችሁ። ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቈጥር፤ በኋላም በመምህሩ ፊት ቆሞ ሲነግር፤ ሲታረምም ትሰማላችሁ። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ስለዚህ በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ ያልተገኘ ሰው ያን ቅኔ ሳይሰማው ይቀራል።

ስለ መንገዱም ጥቂት ልናገር። ክረምት ጭቃ ነውና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወራት ይሻላል። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ደብረ ሊባኖስን ታገኛላችሁ፤ በዚያ ጸልዩ፤ የሰማዕታቱንም ነገር አስቡ። ከዚያም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ፤ በደጀን በኩል ጎጃም ትገባላችሁ። ከአንድ ጉባኤ ቤት ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። ለተማሪዎቹ ጨውና ሳሙና፤ የሚሞቅም ልብስ ያዙላቸው፤ ደበሎ ለብሰው፤ አኩፋዳ ይዘው፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው የሚማሩ ናቸውና። በስልካችሁ ድምፅ ለመቅረጽ ብትሹ አስቀድማችሁ መምህሩን አስፈቅዱ።

አንድ ነገር ግን ልሰውርባችሁ አይገባኝም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በጎጃምና በጎንደር የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ፈጅቶአል፤ መንገድም ብዙ ጊዜ ዘግቶአል። ስለዚህ ሳትነሡ በዚያ ያሉትን ካህናትና ዘመዶች ጠይቁ፤ ወላጆቻችሁም ይፍቀዱ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ዓባይን አትሻገሩ፤ ደብረ ሊባኖስ ብቻ ደርሳችሁ፤ ከአረጋውያኑ መነኮሳት እግር ሥር ተቀምጣችሁ ተመለሱ። ይህም ከፍርዴ አይወጣም፤ እኔ ምረጡ ያልሁት ሩቁን አገር ሳይሆን የሚያልፈውን ሰው ነውና።

ከሁሉ በፊት ደግሞ፤ ከመካከላችሁ አያቱ በገጠር በሕይወት ያለችለት ቢኖር፤ የእርሱ ክርክር ዛሬ አለቀ። አክሱምም፤ ላሊበላም፤ ጎጃምም ይቆዩት፤ መጀመሪያ ወደ አያቱ ይሂድ።

እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ። ለዚህች ደብርም ለመቶኛው ዓመት በዓሏ የሚቆሙ ልጆችን ያስነሣላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።