ከሬዲዮው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የቀጥታ ሥርጭት እንድናገር ታዝዣለሁ። የምሕንድስና ትምህርቴ ስለ ማሠራጫው እንድናገር ይገፋፋኛል፤ ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ግን ከመቀበያው አጠገብ ስለሚቀመጠው ሰው ነው። ለዚህም በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ተራሮች መካከል የተመሠረተ የአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ታሪክ ምሳሌ ይሆነኛል። መሥራቹ በእምነት ከእኛ የሚለይ ቢሆንም ከሥራው የምንማረው አለ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ኾሴ ኾዋኪን ሳልሴዶ የተባለ ወጣት የካቶሊክ ካህን ሱታቴንሳ በምትባል የገጠር መንደር ለአገልግሎት ተመደበ። ሕዝቡ በየተራራው ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ ብዙዎቹም ማንበብና መጻፍ አያውቁም። ካህኑ በእግሩ ሁሉንም ቤት ለመድረስ እንደማይችል ስለ ተረዳ፣ ኃይሉ ከ100 ዋት የማይበልጥ ማሠራጫ ተከለ። ይህ ኃይል ቀድሞ አንድ ክፍል ያበራ ከነበረው አምፖል አይበልጥም። ቢሆንም ድምፁ እግር በቀላሉ ወደማይደርስበት ጎጆ መግባት ጀመረ።

ከዚያ ጣቢያ ፊደል፣ ሒሳብ፣ የጤና አጠባበቅ፣ የእርሻ ሥራና መንፈሳዊ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ጎረቤታሞች በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ባለበት ቤት ተሰብስበው ይማራሉ። ነገር ግን ሬዲዮ ዐይን የለውም። ተማሪው ፊደሉን አጣሞ ቢጽፍ አያይም፤ እናት ልጇን ስታባብል ትምህርቱ ቢያመልጣት አይጠብቃትም። ስለዚህ በየመማሪያው ቤት ጥቂት ማንበብ የሚችል አንድ ረዳት ከመንደሩ ይመረጥ ነበር። እርሱም ጎረቤቶቹን ይሰበስባል፤ ሬዲዮውን በሰዓቱ ይከፍታል፤ መምህሩ በድምፅ የሚናገረውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳያል፤ የተማሪዎቹን ጽሕፈት ይመለከታል።

የእኛ አባቶች ይህን ሥርዓት ሬዲዮ ከመፈጠሩ በፊት ያውቁታል። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥረዋል፤ ውርድ ንባብ የዘለቀው ግእዝ ንባብ ላይ ያለውን ይረዳዋል። የመምህሩ ድምፅ ከጀማሪው ጆሮ የሚደርሰው በዚህ ወንድም በኩል ነው።

የሱታቴንሳ ጣቢያ ሌላም መልካም ልማድ ነበረው፤ ከመናገር አልፎ ያዳምጥ ነበር። አድማጮቹ ጥያቄያቸውንና ችግራቸውን ይጽፋሉ፤ ጣቢያውም ይመልስላቸዋል። ከዘመን ወደ ዘመን የተላኩት ደብዳቤዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ጣቢያው አድጎ አገር አቀፍ ከሆነ በኋላ፣ በገንዘብ ችግር ምክንያት በ1989 ዓ.ም. ሥራው አበቃ፤ ማሠራጫዎቹም ለሌላ ባለቤት ተላለፉ። የገበሬዎቹ ደብዳቤዎች ግን ዛሬም በቦጎታ፣ በሉዊስ አንኸል አራንጎ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ወደ እኛ ልመለስ። በዚህ በባዕድ አገር የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የሚመለስ ወንድም፣ አራስ እናት፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ቅዳሴውን በስልክ ይከታተላሉ፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በገጹ ላይ የሚታየው ቁጥር ስንት ስልክ እንደ ተከፈተ እንጂ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን በዓሉን ብቻውን እንደ ዋለ አይነግረንም። አንዲት እናት ለወራት ከደጀ ሰላሙ ቢቀሩ «በስልክ ይከታተላሉ» ብለን ዝም እንዳንል እሰጋለሁ። እንዲህ ከሆነ ሥርጭቱ ለእኛ ማረፊያ፣ ለእርሳቸው መረሻ ይሆናል። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን የታመመውን ስለ መጠየቃችን ነው። ቅዱስ ቁርባንም በሞገድ አይላክም፤ ካህኑ ወደ ምእመኑ፣ ምእመኑም ወደ መቅደሱ መድረስ አለባቸው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይመደብ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውልላቸው፣ በወር አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄዶ ይጠይቃቸው። ሁለተኛ፣ ከስብከቱ በኋላ ከቤት የሚላኩ ጥያቄዎች የሚመለሱበት ጊዜ ይኑር። ሦስተኛ፣ የታመመና ያዘነ ሲገኝ ወጣቱ በዚያው ቀን ለንስሐ አባቱ ያሳውቅ።

ይህን ለመጀመር አዲስ ካሜራ መግዛት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የስም ዝርዝርና በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነው። ለሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ስንሰበሰብ ከቤት የቀረውን እያንዳንዱን ምእመን በስሙ የምናውቅ እንድንሆን የአባቶቻችን ጸሎት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአምላካችን ቸርነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።