ባሕር አይተን መጣን (በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ባልና ሚስት በሰው ፊት ንግግር የማድረግ ልምድ የለንም። ነገር ግን የማኅበሩ ሊቀ መንበር «በመርከብ ባሕር ለባሕር ዞራችሁ መጣችሁ እየተባለ ነው፤ ያያችሁትን ለአባሎች ብታካፍሉስ» ስላሉን በወረቀት ጽፈን ግማሹን ባልየው፣ ግማሹን ሚስትየው እንድናነበው ተስማማን። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። በሰፈሩ ውስጥ «ቤታቸውን አስይዘው ሄዱ» ተብሎ መወራቱን ሰምተናል። ቤታችን አለ፤ ቡናም ይፈላበታል። ወጪውን የቻለችው ሜሪላንድ ያለችው ልጃችን ናት፤ ምክንያቷም ከተጋባን 40 ዓመት ስለ ሞላን ነው። እኛማ «ገንዘቡን ለጣራው ቆርቆሮ ብትልኪልን ይሻላል» ብለናት ነበር። «ቆርቆሮ ማን ያስታውሳል?» አለች። ክረምት ሲገባ እኛ እናስታውሰዋለን።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ተመልሰን እዚህ እስክንሰፍር ድረስ 23 ዓመት ዋሽንግተን ኖረናል። ባልየው ታክሲ ነድቷል። ሚስትየው በሆቴል ውስጥ መኝታ ቤት ስታጸዳ ኖራለች፤ በቀን 15 ክፍል። ይህን የምናነሣው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ባሕርን በሚመለከት ደግሞ ባልየው በወጣትነቱ በአሰብ ወደብ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሚስትየው ግን በዚህ ዕድሜዋ ከባሕር ዳር ቆማ እንጂ ባሕር ላይ ሆና አታውቅም ነበር።

የተሳፈርነው ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ ፍሎሪዳ ግዛት ውስጥ ካለችው ከማያሚ ወደብ ነው። የመርከቧ ርዝመት ከ300 ሜትር ይበልጣል። 4,000 ያህል መንገደኛና 1,500 ያህል ሠራተኛ ትይዛለች ተባልን፤ ይኸውም ማለት የአንድ ወረዳ ከተማ ሰው ውሃ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ይህችም መካከለኛ ናት ይባላል። ከዚያው ከማያሚ የምትነሣው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው እስከ 7,600 መንገደኛ ትጭናለች። በመርከባችን ውስጥ ቴያትር ቤት አለ፤ ሱቅ አለ፤ ሐኪም ቤት አለ፤ ባሕር መሐል ሆኖ እንደ ገና መዋኛ ገንዳ አለ! የሚጠጣውም ውሃ ከዚያው ከባሕሩ ተቀድቶ ጨዉ እየተለየ የሚወጣ ነው። የእኛ ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ርካሹ እሱ ነውና። መብራት ሲጠፋ ሌሊቱና ቀኑ አይለይም።

ዕለቱ ገሃድ ስለ ነበር ጾመን ነው የገባነው። የምግቡን ነገር ብንዘረዝር ግን ስብሰባው አያልቅም። ሥጋው፣ ዓሣው፣ አይብና ኬኩ በየጠረጴዛው ተደርድሮ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ይዞራል፤ እኛ ሁለታችን በመሐል ሩዝና ሰላጣ ይዘን ቆመናል። በማግስቱ ጥምቀት ነው። ዙሪያውን ውሃ፣ እስከ ሰማይ ድረስ ውሃ፣ ግን ታቦት የለ፣ ሎሚ የሚወረውር የለ። ክፍላችን ተቀምጠን «አሁን ይኸኔ ጃንሜዳ . . .» እየተባባልን ዋልን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። መርከቧ ከመነሣቷ በፊት እያንዳንዱ መንገደኛ አደጋ ቢመጣ የሚሰበሰብበትን ቦታ ሄዶ ማየትና መመዝገብ አለበት። ሲሳፈሩ አንድ ካርድ ይሰጣል፤ የክፍሉ ቁልፍም፣ ገንዘቡም፣ መታወቂያውም እሱ ነው። በካርዱ ላይ የመሰብሰቢያ ቦታችሁ ተጽፏል። እኛ መንገዱ አድክሞን ጋደም እንዳልን እንቅልፍ ወሰደን። የክፍላችን ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሰማን፤ ቆየት ብሎም በር ተንኳኳ። አንድ ሠራተኛ «እናንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው» አለን። ማጋነኑ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እያፈርን ተከተልነው። ካርዳችንን መሣሪያው ላይ ሲያስነካ ጢጥ አለ፤ ተቆጠርን ማለት ነው። የሚታጠቁትን መንሳፈፊያ አሳየን፤ ለሕፃናት የሚሆን ትንንሽ እንኳ ሳይቀር አለ። በመርከቧ ጎንና ጎን የተንጠለጠሉትን ብርቱካንማ ጀልባዎች ባልየው ቆጠራቸው፤ አንዱ ብቻ 150 ሰው ይይዛል።

ይህ ሥርዓት በከንቱ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም 2,200 ያህል ሰው ይዛ የጀልባዎቿ ቦታ 1,178 ብቻ ነበር። 1,500 ያህል ሰው አለቀ። በዚህ ምክንያት በ1914 መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው ስለ ባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት የመጀመሪያውን ስምምነት ተፈራረሙ። ዛሬ በእንዲህ ያለው መርከብ ላይ በጀልባና በሚነፋ ታንኳ ያለው ቦታ ከተሳፋሪው ቁጥር በላይ መሆን አለበት። በ2012 ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ጣልያን አገር ዳርቻ ላይ ዓለት መትታ ስትወድቅ 32 ሰዎች ሞቱ፤ የዚያኑ ዕለት የተሳፈሩት የመሰብሰቢያ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። መርከብ ሳይነሣ ወይም ወዲያው እንደተነሣ ሁሉም ይሰብሰብ የሚለው ደንብ የጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጃማይካ፣ ኦቾ ሪዮስ ከተባለችው ከተማ ደረስን። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ጂማን ይመስላል። ሕዝቡ አባቶቹ ከአፍሪካ በግዞት ተጭነው ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የመጡ ናቸው፤ ሙሉ ነፃነት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። በገበያው ውስጥ እንጨት ፈልፍለው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ከኢትዮጵያ» ስንላቸው ቆባቸውን አወለቁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ ልጅ ሆነው በአባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ማየታቸውን ነገሩን። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ንጉሡ ከአውሮፕላኑ ለመውረድ ተቸግረው እንደነበር እኛም ሰምተናል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሻሸመኔ መጥተው መኖር ይመኙ ነበር፤ ገንዘቡ አልሞላላቸውም። ከዚያ «የእናንተ ልጆች እዚያ መሬት ላይ እየኖሩ እንዴት ደስ ይላቸው!» አሉን። ሁለታችን ተያየን። ልጆቻችን በየት በየት በኩል እንደሚወጡ ልንነግራቸው አፋችን አልታዘዘም። አንዲት ትንሽ አንበሳ ገዝተን ሄድን፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከርንም።

በማግስቱ ጆርጅ ታውን፣ ካይማን ደሴት ደረስን። እዚያ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ መርከቧ ከሩቅ ቆማ ሰዉን በትንሽ ጀልባ ያመላልሱታል። ሚስትየው ከታች ካለው በር ደረሰች። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ በመርከቧና በጀልባዋ መካከል አንድ ክንድ የምትሆን ውሃ ትታያለች። ሁለት መርከበኞች ክርኗን ይዘው «እማማ፣ አይዞሽ፣ ተራመጂ» ይላሉ። እግሯ እምቢ አለ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር፤ ማንም አልተቆጣም። ተመልሰን ላይኛው ፎቅ ወጣንና ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ከሩቅ እያየን ዋልን። ምን እንደሆነች ባልየው አልጠየቃትም፤ ያውቀዋላ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚህ በኋላ የምንለውን የምንናገረው እናቱን አስፈቅደን ነው። በ2010 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ከሰፈራችን ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር የሄደው ልጅ፣ ኦቦክ ከሚባለው ቦታ ለእናቱ ደውሎ «ነገ ማታ እንሻገራለን» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ድንኳን እንትከል ስንል እናቱ «ያልሞተ ልጅ አላስለቅስም» ብለው ከለከሉን፤ ማኅበራችንም በደንቡ መሠረት ሊያደርግ የሚችለው ሳይኖር ቀረ።

ባልየው በአሰብ በነበረበት ጊዜ ከጀልባ ባለቤቶች እንደሰማው፣ በስተደቡብ ያለው ባብ ኤል መንደብ የተባለው ወሽመጥ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የተሳፈርንባት መርከብ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ያንን ውሃ ሰው ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ታልፈዋለች። ይህን ያሰላው ባልየው ነው፤ ባላሰላው ይሻል ነበር። እዚያ ጀልባ ላይ የተጫነውን ማን ቆጠረው? መንሳፈፊያስ ማን ሰጠው? እኛ ሁለት ሽማግሎች ተኝተን ብንቀር በራችን ተንኳኩቶ ነበር።

ስለ ኮዙሜል ብዙ አንናገርም። የሜክሲኮ ደሴት ነው፤ ውሃው እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ፀሐዩ ይከብዳል። ይልቅስ ክፍላችንን ስለሚያጸዳው ልጅ እንንገራችሁ። ኢንዶኔዥያዊ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እየገባ ያነጥፋል፤ ማታ ማታ ፎጣ እያጠፈ ዝሆን፣ ዝንጀሮ ሠርቶ አልጋ ላይ ያስቀምጣል። ሚስትየው የሙያውን ድካም ስለምታውቀው ከመምጣቱ በፊት አልጋውን ራሷ ታነጥፍለት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እባክሽን እናቴ፣ አለቃዬ ሥራዬን ያልሠራሁ ይመስለዋል» አላት። እውነቱን ነው፤ ሆቴል ሳለች እሷም የምትፈራው ይህንኑ ነበር። ውሉ የስምንት ወር ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙሉ የዕረፍት ቀን የለውም። ልጁ የተወለደው እሱ ባሕር ላይ እያለ ሲሆን እስካሁን ያየው በስልክ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ያርፍ ይላል። 10 ሰዓት ዕረፍት ማለት እንግዲህ የቀረውን ቁጠሩት። መርከቧ የምትነሣው ከአሜሪካ ይሁን እንጂ የምታውለበልበው የሌላ አገር ባንዲራ ነው፤ የአሜሪካ የሥራ ሕግ እምብዛም አይደርስባትም። ስንሰናበት ሚስትየው ገንዘብ ስትሰጠው እጇን ሳመ። እሱ እንኳ ስሙ በመዝገብ አለ፤ በጀልባው ላይ ቦታው የታወቀ ነው ብለን ተጽናናን።

ተመልሰን በገባን በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልተን ጎረቤት ስንጠራ የልጁም እናት መጡ። ሌላው ሰው ስለ ምግቡ፣ ስለ ፎቁ ብዛት ሲጠይቅ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እትዬ፣ ውሃው በሌሊት እንዴት ያለ ነው?» አሉ። ቤቱ ጭጭ አለ። መዋሸት አልቻልንም። «ጥቁር ነው» አልናቸው። «ድምፅ አለው?» አሉ። ሚስትየው ትንሽ አሰበችና «አለው። ጤፍ ሲነፋ የሚሰማውን ይመስላል» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለተኛውን ጠጡ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ለቡና ሳይመጡ የቀሩበት ቀን የለም።

እንግዲህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ባለ 200 ገጽ መዝገብ ገዝተን ለጸሐፊው አስረክበናል። ከሰፈራችን ወደ ውጭ የሚወጣ ልጅ ሁሉ፣ በአውሮፕላንም ይሁን በእግር፣ ስሙ፣ የተነሣበት ቀን፣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ አብሮት ያለው ሰውና ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀን ይጻፍበት። ማንንም ለመክሰስ ወይም ለመከልከል አይደለም፤ መዝገቡ ለሌላ አካል አይሰጥም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ ክፍል አለው፤ ቤተሰብ ሲያመለክት የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ መቼ፣ ከየት፣ ከማን ጋር። ብዙዎቻችን ሄደን ስንጠየቅ ቀኑን እንኳ በትክክል መናገር ያቅተናል።

የመጀመሪያውን መስመር እናቱ ራሳቸው ጽፈውታል። ቀኑን አልዘነጉትም። «የመጨረሻ ወሬ» በሚለው ዓምድ ሥር «ነገ ማታ እንሻገራለን ብሏል» ይላል። ጸሐፊው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤት ይገኛሉ፤ በሌላ ቀን ለሚመጣ ደግሞ መዝገቡን ከእኛ ቤት ማግኘት ይቻላል።