ለማኅበር ጽሕፈት ቤት ኢንቨርተርና ቻርጅ ኮንትሮለር ስንገዛ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ እህል ግብይት የሚናገሩ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በዚህ መድረክ አሉ። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት የመብራት መስመር ስላልደረሰባቸው ማኅበራት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከመስመር ውጭ በሆነ ቴክኖሎጂ፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ከማኅበሮቻችንም ለጽሕፈት ቤትና ለመጋዘን ሶላር ለመግዛት ፕሮፎርማ የሰበሰቡ እንዳሉ አውቃለሁ። ንግግሬ በዋናነት ለግዥ ኮሚቴዎቻቸው ነው።

ስለ ፓነል ብዙ አልናገርም። ፓነል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ ገዢውም ሻጩም የሚያወሩት ስለ እሱ ነው፤ በደህና ከተያዘም ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። የማኅበር ገንዘብ የሚቀልጠው በባትሪው በኩል ነው። ባትሪውን ደግሞ የሚያኖሩትም የሚገድሉትም ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን ይቆጣጠራል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ከባትሪ የሚወጣውን ወደ 220 ቮልት ይለውጣል። በዝቅተኛ ዋጋ ይግዙ ተብሎ በብዛት የሚወሰነውም በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። አንድ ማኅበር እናስብ። ባለ 9 ዋት 6 አምፖሎች በቀን 4 ሰዓት ይበራሉ፤ 216 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ለ5 ሰዓት 300 ይፈጃል። አባላት ስልክ የሚሞሉበት 50 ዋት ለ3 ሰዓት 150 ይሆናል። የእንስሳት መድኃኒት የሚቀመጥበት ትንሽ ፍሪጅ በቀን 700 ይወስዳል እንበል። ድምሩ ወደ 1,400 ዋት-ሰዓት ይጠጋል። በባትሪ፣ በሽቦና በኢንቨርተር የሚባክነውን ስንጨምር 1,900 እንያዝ። አገራችን በአማካይ በካሬ ሜትር በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት-ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ጉልበት ታገኛለች። ክረምትን አስበን በ4 ብናካፍል 475 ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 250 ዋት ሁለት ፓነል እንገዛለን። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎችን በተከታታይ ብናያይዝ የ24 ቮልት ሲስተም ይሆንልናል።

ለምን 24 ቮልት ያለ ካለ፣ 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲወጣ ከ80 አምፔር በላይ ነው፤ በ24 ቮልት ግን ግማሹ ነው። ሽቦው ይቀጥናል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ኮንትሮለሩም እንዲሁ በትንሽ ይበቃል። 500 ዋትን ለ24 ስናካፍል 21 አምፔር ይመጣል፤ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ሲጨመር 26 ገደማ ይሆናልና ባለ 30 አምፔር ኮንትሮለር እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በገበያ ሁለት ዓይነት ኮንትሮለር አለ። ፒ ደብሊው ኤም የሚባለው ርካሹ ነው። እሱ ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል፤ የፓነሉም ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል። ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው ውድ ነው፤ የተረፈውን ቮልቴጅ ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ባለ 60 ሴል የሆነ 250 ዋት ፓነል በ30 ቮልት 8.3 አምፔር ያመነጫል። ይህን ፓነል በፒ ደብሊው ኤም ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ብናያይዘው፣ 8.3 አምፔሩ በ13 ቮልት ይገባል፤ 108 ዋት መሆኑ ነው። ከገዛነው ፓነል ከግማሽ በላዩን ጣሪያ ላይ ጥለነው መጣን ማለት ነው። በ24 ቮልት ባትሪ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ፓነል ሲግል ቮልቴጁ ስለሚቀንስ በቀትር ባትሪውን እስከ ጫፍ የመሙላት አቅም ያጣል። ሳይሞላ የሚያድር የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጋገረ በአጭር ጊዜ ይሞታል።

ስለዚህ ፒ ደብሊው ኤም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ባለ 36 ሴል ፓነል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ለሁለት ለሦስት አምፖል የሚውል ከሆነ በቂ ነው፤ እዚያ ላይ ለኤም ፒ ፒ ቲ መክፈል ብክነት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ሥራ ግን ኤም ፒ ፒ ቲ ይሁን። ተጠንቀቁ፣ ላዩ ላይ ኤም ፒ ፒ ቲ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ፒ ደብሊው ኤም የሆነ ዕቃ በገበያ አለ። በእጅ ሲመዘን የሚቀል፣ ከፓነል የሚቀበለው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሰነዱ ያልተገለጸ ወይም ለባለ 24 ቮልት ሲስተም ከ50 ቮልት የማይበልጥ ከሆነ ጠርጥሩት።

ይህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለደጋ ማኅበራት የተለየ ትርጉም አለው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያልተጫነበት ቮልቴጁ 38 የሆነ ባለ 60 ሴል ፓነል፣ ሁለት በተከታታይ ሲያያዝ 76 ነው፤ በዜሮ ዲግሪ ወደ 82 ይደርሳል፤ ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር ይችለዋል። ባለ 72 ሴል ፓነል ከሆነ ግን 46 እና 46፣ 92 ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 99 ይገባል። እንደ ደብረ ብርሃንና መንዝ ባሉ ቦታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ፣ ጠዋት ፀሐይ ገና ስትወጣ ገደቡን አልፎ ኮንትሮለሩን ያቃጥላል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ቆላ ላይ የሠራ ሲስተም ደጋ ላይ ተገልብጦ የሚተከል አይደለም።

ኮንትሮለሩ የባትሪውን ዓይነት እንዲያውቅ ተደርጎ መስተካከል አለበት። የአሲድ ባትሪ ለአንድ 12 ቮልት ከ14.4 አካባቢ ድረስ ተሞልቶ ከዚያ በ13.5 እና በ13.8 መካከል ይያዛል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለውን መምረጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ሊቲየም ለሚገዙ፣ የሊቲየም ምርጫ የሌለው ኮንትሮለር አይሆንም፤ ባትሪውም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም።

ኢንቨርተር ሲገዛ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው። የሚጠየቀው «ሳያቋርጥ ስንት ዋት ይሰጣል?» ተብሎ ነው። በምሳሌያችን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሠራ 250 ዋት አይሞላም። ነገር ግን የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ይጎትታል። ሳያቋርጥ ከ800 እስከ 1,000 ዋት የሚሰጥ፣ ለመነሻ እጥፉን የሚችል፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሆነ ኢንቨርተር ይበቃናል። ሞዲፋይድ የሚባለው ርካሽ ነው፤ የፍሪጅ ሞተር ግን በእሱ ላይ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ባለ 110 ቮልት ወይም ባለ 60 ኸርዝ ዕቃም አይግባ፤ የአገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብቻውን ወደ 1,000 ዋት ሊጠጋ ይችላል፤ ለእሱ ሲባል ኢንቨርተር ከማሳደግ በቀለም የሚሠራውን ፕሪንተር መግዛት ይሻላል። ወፍጮማ በዚህ ሲስተም አይታሰብ።

ከዚያ ባዶውን የሚበላው ነገር አለ። ምንም ሳይሠራ 20 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር ቀንና ሌሊት በርቶ ሲውል 480 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ የአምፖሎቻችን ሁሉ ድምር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው! ስለዚህ ያለ ሥራ የሚወስደው ዋት በጽሑፍ ይጠየቅ። መብራትና ስልክ በቀጥታ ከባትሪው መስመር ቢሠሩ፣ ፍሪጁም በዲሲ የሚሠራ ቢገኝ፣ ኢንቨርተሩን ማታ አጥፍቶ መሄድ ይቻላል። እኔ ብጠየቅ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ። ኮንትሮለርና ኢንቨርተር በአንድ ሳጥን የተሠሩበት ዕቃ ለመትከል ምቹ ቢሆንም፣ ጠጋኝ በሌለበት ቀበሌ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል።

ኢንቨርተሩ ከኮንትሮለሩ የሎድ ቀዳዳ ላይ መያያዝ የለበትም፤ የመነሻው አምፔር ያቃጥለዋል። ቦታው በፊውዝ በኩል ቀጥታ ባትሪው ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ባትሪው ሲያልቅ የሚያቋርጠው ኢንቨርተሩ ራሱ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ግን ለ12 ቮልት በ10.5 ነው የሚያቋርጡት፤ ለአሲድ ባትሪ ይህ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ማቋረጫው ወደ 11.5 አካባቢ ሊስተካከል የሚችለውን ግዙ። ከፍታንም አትርሱ። ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም፤ በአምራቹ ሰነድ የተጻፈውን ቅናሽ አንብቡ።

ይህ ሁሉ በፕሮፎርማው ጥያቄ ላይ ካልሰፈረ ሦስት ዋጋ መሰብሰቡ ከንቱ ነው። አንዱ 30 አምፔር ኤም ፒ ፒ ቲ፣ ሌላው በስሙ ብቻ ኤም ፒ ፒ ቲ የሆነ ሲያቀርብ፣ ኮሚቴው የሚያወዳድረው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴም የሚመረምረው ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ሊሆን ይገባል። በርክክቡ ቀን ባለሙያው ሁሉንም ዕቃ አብርቶ ፍሪጁን ያስነሣ። በተከታታይ በተያያዙት ሁለት ፓነሎቻችን ላይ በደህና ፀሐይ የኮንትሮለሩ መስኮት ከፓነል 50 ወይም 60 ቮልት፣ ወደ ባትሪ 26 ወይም 28 ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ኤም ፒ ፒ ቲነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሲያያዝ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓነሉ ነው፤ ሲነቀል ቀድሞ ፓነሉ ይነቀላል። ይህችን በአማርኛ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፏት፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ቢቀየርም ትቆያለችና።