ጊታርን ከተዘጋጁ ክፍሎች ገጣጥሞ መሥራት ይጠቅማልን?



የእጅ ሥራ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል። ወይ የተሠራ ጊታር ገዝቶ ለሙዚቃው ክፍል ያስረክባል፤ ወይ ክፍሎቹ ተቆርጠውና ተጠርበው በአንድ ሳጥን የሚመጡትን፣ በተለምዶ የጊታር ኪት የሚባለውን፣ ገዝቶ ለተማሪዎች ያስገጣጥማል፤ ወይም ገንዘቡን ለመጋዝና ለመላጊያ አውሎ ልጆቹ ከእንጨቱ እንዲጀምሩ ያደርጋል። እዚህ የሚመረመረው ሁለተኛው መንገድ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ኪት ርካሽ ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከስሌት አያልፍም። ፋብሪካ ጊታሮችን በብዛት ስለሚያወጣ ለጀማሪ የሚሆን የተሠራ ጊታር ዋጋው ከኪቱ ጋር ይስተካከላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያንሳል። በሳጥኑ ውስጥ የማይገኙትም ብዙ ናቸው፤ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ሞረድ፣ ከሁሉም በላይ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ እንጨቱን ጨምድደው የሚይዙት መቆንጠጫዎች። መቆንጠጫ በቃኝ ያለ አናጢ እስካሁን አልተገኘም። እንግዲህ ዓላማው ጊታር ማግኘት ብቻ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

ትምህርት ቤት ግን ከዕቃው ጋር ዕውቀቱን ሊገዛ ይፈልጋል። ስለዚህ ኪቱ ለተማሪው ምን ይሰጠዋል፣ ምንስ ያስቀርበታል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይልቅ ይከብዳል።

ክራርን ወይም በገናን የሚሠራ ባለሙያ ድምፁን የሚያገኘው ክሩን ከቀንበሩ ላይ አጥብቆ ወይም አላልቶ ነው። በበገና 10 አውታር ቢኖር እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ ሠሪው ጥቂት ቢሳሳት እንኳ ደርዳሪው በጆሮው ያርመዋል። የጊታር ነገር ከዚህ ይለያል። በ6 ክር ብቻ ያን ሁሉ ድምፅ ማውጣት የተቻለው በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተሰልፈው ክሩን ስለሚያሳጥሩት ነው። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ የተተከለን ፍሬት የተጫዋቹ ጆሮ ሊያርመው አይችልም።

የፍሬቱ ቦታ የሚገኘው በሒሳብ ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብርኩማው ያለው የክር ርዝመት 650 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ይህ ለ17.817 ሲካፈል 36.48 ሚሊሜትር ይወጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከጫፉ በዚህ ርቀት ይተከላል። የቀረው 613.52 ሚሊሜትር ለዚያው ቁጥር ሲካፈል 34.43 ይሆናል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በዚህ ይርቃል። እንዲህ እየተካፈለ 12ኛው ላይ ሲደረስ ፍሬቱ በ325 ሚሊሜትር፣ ማለት በክሩ አጋማሽ ላይ ይውላል፤ ድምፁም ሳይጫን ከሚሰጠው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። የሊቁ የጋሊሌዮ አባት የነበረው ቪንቼንሶ ጋሊሌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1581 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ለሉት መሣሪያ በ18 የማካፈልን ደንብ አቅርቦ ነበር። በዚህ ደንብ 650 ሚሊሜትር ያለው ክር ሲሰላ 12ኛው ፍሬት ከአጋማሹ 2.4 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጫፉ ይቀርባል። ጉድለት ይመስላል፤ ነገር ግን ክር በጣት ሲጫን በመወጠሩ ድምፁ ጥቂት ከፍ ስለሚል አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሳል። ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የማካፈል መልመጃ በመጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ኪቱ የሚያስቀርበው እንግዲህ ይህን ነው። በብዙ ኪቶች የጣት ሰሌዳው ስንጥቆች በፋብሪካ ተቆርጠው ስለሚመጡ፣ ልጁ ከመዶሻና ከሞረድ በስተቀር ከሒሳቡ ጋር አይገናኝም። ኪቱ ከስሕተት ይጠብቀዋል፤ ስሕተቱ የሚያስተምረውንም ይዞበት ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ለእርሱ ይቀራል፤ ብርኩማው የሚጣበቅበት ቦታ። ከላይ የተነገረው የክር መወጠር ስላለ፣ የናይለን ክር ባለው ጊታር ብርኩማው ከስሌቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ ማለት አለበት። ይህ ካልተጠነቀቁለት ጊታሩ ዐይን የሚስብ ሆኖ ሳለ ከታች ሲስተካከል ከላይ ይጎረብጣል። ጉዳቱም ከእንጨት የሚያልፍ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የተበላሸውን መሣሪያ አይጠረጥርም፤ ጆሮውን ይጠረጥራል። የሙዚቃ ተሰጥዎ የለኝም ብሎ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚቀር ልጅ በሁለት ሚሊሜትር ምክንያት ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኮላ ከመቀባቱ በፊት መምህሩ ራሱ መስፈሪያውን ይዞ መቆም ይኖርበታል።

ኪት ከሁሉም ዓይነት አይገዛም። በስፔን የነበረው ስመ ጥር የጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 ዓ.ም. ጀርባውና ጎኖቹ ከካርቶን የሆኑ ጊታር ሠርቷል፤ የጊታር ድምፅ በይበልጥ የሚወለደው ከፊተኛው ሳንቃና ከሥሩ ከተጣበቁት ደጋፊ እንጨቶች መሆኑን ለማሳየት ነበር። መሣሪያው በባርሴሎና የሙዚቃ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ከዚህ የሚወሰደው ምክር ግልጽ ነው፤ ጀርባው ኮምፔንሳቶ ቢሆን ብዙ አያስከፋም፤ የፊቱ ሳንቃ ኮምፔንሳቶ የሆነበት ኪት ግን የአንድ ዓመት የተማሪ ድካም አይገባውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ክፍል የኤሌክትሪክ ጊታር ኪት ይቀላል። በካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር፣ ራሱ ጊታር የማይጫወት ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1950 ዓ.ም. አንገቱ በ4 ብሎን ከአካሉ ጋር የሚታሰር ጊታር ለገበያ አወጣ። አንገት ቢበላሽ ካቻቢቴ ይዞ መለወጥ ነው። በዚህ አሠራር የሚመጣ ኪት ጥቂት ብየዳና ቀለም ብቻ ስለሚፈልግ የልጆች ስሕተት ይታረማል፤ በእርግጥ ማጉያና መብራት የሌለበት ትምህርት ቤት ምንም አይጠቀምበትም። ባዶው ጊታር ግን ቀጭን ሳንቃው የናይለን ክሮቹን ወደ 40 ኪሎግራም የሚጠጋ ጭነት፣ የብረት ክር ከሆነም ከ70 የሚበልጠውን፣ በኮላ ብቻ መሸከም አለበት።

የአየሩም ጠባይ መታሰብ ይገባዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሞምባሳ ወይም በምጽዋ ጠረፍ በእርጥብ ወራት የተጣበቀ ሳንቃ በደጋ በበጋ ጊዜ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሳጥኑ ከደረሰ በኋላ ክፍሎቹ ተከፍተው ጥቂት ሳምንታት በሥራው ክፍል ይቀመጡ፤ የሚጣበቁትም አየሩ መካከለኛ በሆነ ወራት ይሁን።

ከኪቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀድማል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ልጆች ከዘይት ቆርቆሮና ከቁራጭ ጣውላ ጊታር ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ሥራ ወጪው ከምስማርና ከክር አያልፍም። ክፍሉ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የቆርቆሮ ጊታር ሠርቶ ፍሬቶቹን ራሱ በሒሳብ አስልቶ ይትከል፤ ከብረት ይልቅ ክር ቢጠመጠም ስሕተቱን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ያን ያጠናቀቁ ተማሪዎች በሁለተኛው መንፈቅ አንድ ኪት፣ ለመላው ክፍል አንድ ብቻ፣ ቢሰጣቸው የፋብሪካውን ስንጥቆች በዝምታ አይቀበሏቸውም፤ ይለኳቸዋል።

የሚለኩትም እንዲህ ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት ይወሰዳል፤ ከዚያም ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብርኩማው አጥንት ያለው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጥቂቱ ከበለጠ ሥራው ደኅና ነው፤ ካነሰ ብርኩማው ሳይደርቅ በፊት ይነሣ።