መጠበቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከመካከላችን አንዳች ነገር የማይጠብቅ ሰው የለም። የፈተና ውጤት የሚጠብቅ አለ፤ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ አለ፤ የዘገየ ደመወዙን የሚጠብቅ መምህር አለ፤ ከቤተ ሰቡ የደኅንነት ወሬ የሚጠብቅም አለ። የሁላችንም ጭንቀት አንድ ነው፤ ቀኑን አናውቀውም። እኛ ክርስቲያኖች ነንና አንጨነቅም ብለን ልንዋሻችሁ አልቆምንም።

ነገር ግን በአማርኛ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። መንገደኛ የቀረውን ጓደኛውን ይጠብቃል፤ እረኛም ከብቱን ይጠብቃል። የፊተኛው ያልመጣውን ይናፍቃል፤ የኋለኛው በእጁ ያለው እንዳይጠፋበት ይተጋል።

ሁለቱን አንድ ያደረጉ ሰዎች በዚሁ በወላይታ ምድር ነበሩ። የኢጣልያ ወራሪዎች በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያንን ከሶዶ ሲያስወጡ፥ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ አልነበራቸውም፤ ማንበብ የሚችሉትም ጥቂቶች ነበሩ። የሄዱት ይመለሱ እንደ ሆነ የሚነግራቸው አልነበረም። ከመሪዎቻቸው አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ተገርፎ ታሰረ።

እነዚያ ሰዎች ግን መንገድ መንገድ ሲያዩ አልዋሉም። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበለት። ለታሰሩት ስንቅ አቀበሉ፤ የተራበውንም ጎረቤት ከማዕዳቸው አካፈሉ። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ምእመን ወደ 10,000 ይገመት ነበር።

ይህን ስንናገር፥ በትዕግሥት የጠበቀ ሁሉ የፈለገውን ያገኛል ማለታችን አይደለም። አማኞቹ 48 ሆነው ቢቀሩም ኖሮ ሰላማቸው እውነተኛ ሰላም በሆነ ነበር፤ የተመሠረተው በቍጥራቸው ላይ ሳይሆን ሞትን ድል በነሣው በክርስቶስ ላይ ነበርና። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በጻፈው ደብዳቤ፥ ቤት እንዲሠሩና አትክልት እንዲተክሉ እንጂ ቀን ሲቈጥሩ እንዲኖሩ አልመከራቸውም።

በዚህ አገር ያደግን ሁሉ ይህን ከጓሮአችን እናውቀዋለን። እንሰት የሚተክል ሰው ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል፤ እስከዚያው ግን ይኰተኵተዋል፥ ፍግም ያለብሰዋል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፥ የነገው ውጤት በእጃችን ባይሆንም የዛሬው ባልንጀራ በእጃችን ነው። ከመመገቢያ አዳራሽ የቀረ፥ ከሰው የሸሸ፥ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ጓደኛ በየመኝታ ቤታችን አለ። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን የአንዱን በር እናንኳኳ። ምክር ባናገኝለት አብረነው እንቀመጥ። የራሳችን ጭንቀት ባይለቀንም ብቻውን የሚጨነቅ ሰው በአንድ ይቀንሳል።

የሰላም አምላክ እስኪነጋ ድረስ ይጠብቀን፤ እኛም እርስ በርሳችን እንጠባበቅ።