የጉልበት ልም አጥንት ጥገና በመሐንዲስ ዓይን



ስለ ጉልበት መናገር የሐኪም ሥራ ነው የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። ሆኖም በመገጣጠሚያው ላይ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነው ልም አጥንት ስንራመድ ከሰውነታችን ክብደት 2 እጥፍ በላይ ስለሚሸከም፣ ነገሩ ከሙያችን የራቀ አይደለም።

የዚህ አካል አብዛኛው ክብደት ውሃ ነው። ውሃውን ስበው የሚይዙት ፕሮቲዮግላይካን የተባሉ ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ እነርሱን ደግሞ የኮላጅን ክሮች ጠፍረው ይይዟቸዋል፤ ክሩ መሳብን፣ ውሃ የቋጠረው ክፍል መጨመቅን ይችላል። የብረትንና የኮንክሪትን ትብብር ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም። ሕዋሳቱ ግን ጥቂት ናቸው፤ የደም ሥርም የለውም። ስለዚህ ሲጎዳ ራሱን አይጠግንም። ዊልያም ሀንተር የተባለው ሐኪም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1743 ጽፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከበሽተኛው የወሰዱትን የልም አጥንት ሕዋስ በላቦራቶሪ አራብተው ወደ ጉልበቱ እንደ መለሱት ባስታወቁ ጊዜ፣ በዚህ የ250 ዓመት ፍርድ ላይ ይግባኝ ተባለ። ከዚያም የብዙዎች ዓይን ከመቅኔና ከስብ ወደሚገኙት ግንደ ሕዋሳት ዞረ። እነዚህ በፈሳሽ ብቻ ቢወጉ ከተፈለገው ቦታ አይቆዩም፤ ሃይድሮጄል ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሃይድሮጄል ብዙ ውሃ የቋጠረ የፖሊመር መረብ ሲሆን፣ በመርፌ ሲገፋ ይፈሳል፤ ከጉድጓዱ ሲደርስ በሰውነት ሙቀት፣ በብርሃን ወይም በኬሚካል ይረጋል።

ለእኛ ካሳፎርማ እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ካሳፎርማውን የምንፈታበትን ቀን እኛ ስንወስን ጄሉ ግን በራሱ ጊዜ የሚሟሟ መሆኑ ነው። ፈጥኖ ቢሟሟ ገና ያልጠናው አዲስ አካል ጭነቱን ይቀበላል፤ ቢዘገይ ለሚያድገው ቦታ ይነሣዋል። ከዚህም የሚከፋው መጋጠሚያው ነው፤ በአሮጌ ግድግዳ ላይ አዲስ ልስን የለጠፈ ሁሉ ያውቀዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ፣ በ15 በሽተኞች ጉልበት ላይ በብርሃን የሚረጋ ጄል ከማፍሰስ በፊት የጉድጓዱ ገጽ ማጣበቂያ እንዲቀባ ተደርጓል። ሕዋስ ከውጭ አልተጨመረም፤ ከታችኛው አጥንት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣው የመቅኔ ደም እንዲያመጣው ተተወ። በእኔ አስተያየት ከሕዋሱ ይልቅ ለመጋጠሚያው መጨነቃቸው ትክክል ነበር።

ጉድጓዱ ሞላ ማለት ግን ተጠገነ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ጠባሳ መሰል፣ በጥንካሬው ከዋናው የሚያንስ አካል ነው። የእነዚህን ሕዋሳት ስም እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቁት አርኖልድ ካፕላን ራሳቸው በ2017 ስሙ እንዲለወጥ ጠይቀዋል፤ ምክንያታቸውም ሕዋሳቱ በሰውነት ውስጥ በዋነኛነት የሚሠሩት አዲስ አካል በመሆን ሳይሆን ረዳት ኬሚካሎችን በመልቀቅ ነው የሚል ነበር። ሆኖም «አዲስ ልም አጥንት እናበቅላለን» እያሉ መርፌ የሚሸጡ ክሊኒኮች አልጠፉም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ፈቃድ ስለሌላቸው የግንደ ሕዋስ መርፌዎች ሕዝቡን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለ መርፌ የታዘዘለት ዘመድ ምክር ቢጠይቀን፣ የበቀለው ምን ዓይነት አካል እንደ ሆነና ከዓመታት በኋላ ጭነት መቻሉ በምን እንደ ተለካ ሻጩን እንዲጠይቅ ልንነግረው እንችላለን።